ለቤተሰብ የሚሆን ክሩዝ እንዴት ይመረጣል? የአራት ዓይነት መርከቦች ንጽጽር

የክሩዝ ጉዞ (በመዝናኛ መርከብ ላይ እያደሩ የሚደረግ ጉዞ) ለመያዝ ኢንተርኔት ከፍቶ የተቀመጠ ወላጅ ቶሎ ግራ ይጋባል። አንዱ ማስታወቂያ ግዙፍ የውኃ መንሸራተቻ ያሳያል። ሌላው «ልጆች በነፃ» ይላል። ሦስተኛው በሰባት ቀን ውስጥ ስድስት ከተማ አሳያችኋለሁ ይላል። ሁሉም ያምራል። ግን ለጎረምሳ የተመቸ መርከብ ላይ የስምንት ወር ሕፃን ይዞ መውጣት ለእናትም ለሕፃኑም ድካም ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጸጥ ባለ ትንሽ መርከብ ላይ የ15 ዓመት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰለች ማየት ያሳዝናል።

እኔ ምርጫውን የምጀምረው ከቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ስንት ሰዓት ይተኛል? ዳይፐር ጨርሷል? መኪና ላይ ያስመልሰዋል? ብቻውን ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ይጫወታል? እነዚህን ከመለሳችሁ ግማሹ አማራጭ በራሱ ይወድቃል። ስለዚህ መርከቦቹን ከማየታችን በፊት መስፈርቶቹን እናስቀምጥ።

መስፈርት አንድ፦ የትንሹ ልጅ ዕድሜ

አብዛኞቹ ትልልቅ የክሩዝ ድርጅቶች ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን አይቀበሉም። ጉዞው ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ወይም ለብዙ ተከታታይ ቀናት ወደብ የማይነካ ከሆነ ገደቡ ወደ 12 ወር ከፍ ይላል። መርከብ ላይ ያለው አነስተኛ ክሊኒክ ነው፤ የሕፃናት ሆስፒታል የለም። ገደቡ የወጣውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የልጆች ክለብ አለ። ይህ የወላጅ ትልቁ እረፍት ነው፤ ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚቀበሉት ከ3 ዓመት ጀምሮ ዳይፐር ያቆመ ልጅን ነው። ከክሩዝ ድርጅቶቹ ካርኒቫል ከ2 ዓመት ይጀምራል። ዲዝኒ ደግሞ ከ3 ዓመት በታች ላሉት በሰዓት የሚከፈልበት የሕፃናት ማቆያ አለው። ሮያል ካሪቢያንም በብዙ መርከቦቹ ላይ ተመሳሳይ ማቆያ አለው። ልጃችሁ 2 ዓመት ተኩል ከሆነና ዳይፐር ካላቆመ፣ ጉዞውን ስድስት ወር ማዘግየት ብቻውን ሌላ ዓይነት ዕረፍት ሊሰጣችሁ ይችላል።

ብዙ ወላጅ መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ የሚሰማው ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ ወደቦችን የሚነኩ መርከቦች በሚከተሉት የጤና ደንብ መሠረት ዳይፐር ያደረገ ልጅ ወደ ተራው መዋኛ ገንዳ አይገባም። ለመዋኛ ተብሎ የተሠራው ዳይፐርም አይፈቀድም። ለሕፃናት የተለየ የውኃ መጫወቻ ካለው መርከብ ውጭ፣ ሕፃኑ ገንዳውን ከዳር ሆኖ ያያል። ቪዲዮው ላይ ያያችሁት ገንዳ ለልጃችሁ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መስፈርት ሁለት፦ ሙሉ ወጪው

ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፤ ያውም ክፍሉን ሁለት ሰው ይይዘዋል ተብሎ የተሰላ። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያገኛል። «ልጆች በነፃ» የሚለውም የሚሠራው በእነዚህ አልጋዎች ላይ ነው። የወደብ ክፍያ፣ ታክስና ቲፕ አብዛኛውን ጊዜ ለልጁም ይከፈላል። ብቻዋን አንድ ልጅ ይዛ የምትጓዝ እናት ደግሞ ይህን ልብ ማለት አለባት፦ ልጁ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ስለሚቆጠር በአብዛኛው እንደ ትልቅ ሰው ሙሉ ይከፈልበታል።

ቲፑን ቀላል አትዩት። በብዙ ድርጅቶች በሰው በቀን የሚታሰብ የተወሰነ ሒሳብ ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ የ7 ሌሊት ጉዞ ማለት ያንን ቁጥር በ28 ማባዛት ነው። ክፍሉ፣ ዋናው ምግብና የምሽቱ ትርዒት በትኬቱ ውስጥ አሉ። ለስላሳና አልኮል መጠጥ፣ ዋይፋይ፣ ልዩ ሬስቶራንት፣ ፎቶ፣ በየወደቡ የሚደረግ ጉብኝትና የክሊኒክ ወጪ ግን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይመጣሉ። ሁለት መርከቦችን ስታወዳድሩ እነዚህን ሁሉ ደምራችሁ አወዳድሩ። በትኬት ርካሽ የነበረው በድምሩ ውድ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

መስፈርት ሦስት፦ የወደብ ቀንና የባሕር ቀን

የባሕር ቀን ማለት መርከቡ ወደብ ሳይነካ ባሕር ላይ የሚውልበት ቀን ነው። ወደብ የበዛበት ጉዞ ማስታወቂያ ላይ ያምራል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ግን እያንዳንዱ ወደብ በጠዋት መነሳት፣ ወረፋና ሙቀት ማለት ነው። በተጨማሪም የተጻፈው ከተማና መርከቡ የሚቆምበት ቦታ ይለያያሉ። «ሮም» ሲባል መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። «ፍሎረንስ» ሲባል ሊቮርኖ ነው። «ፓሪስ» ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ «ለ አቭር» የተባለው ወደብ ነው፤ ከፓሪስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ አውቶቡስ ላይ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል። ልጆቹ ከ10 ዓመት በላይ ከሆኑና ታሪክ ከወደዱ ግን ያው ቀን የጉዞው ምርጥ ቀን ሊሆን ይችላል።

መስፈርት አራት፦ እንቅልፍና የመርከቡ መናወጥ

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ቤተሰብን የሚያነጫንጩት ግን እነሱ ናቸው። ስለ ክፍል በኋላ በዝርዝር እመለስበታለሁ። ስለ መናወጥ ደግሞ ይህን ያዙ፦ መርከቡ ሲናወጥ በጣም የሚሰማው ከፊት ጫፍ፣ ከኋላ ጫፍና ከላይኛው ፎቅ ነው። መሐል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይረጋጋል። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ካላችሁ መድኃኒቱን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩበት፤ ለትልቅ ሰው የሚሰጠውን ቆርሶ መስጠት አይገባም።

አማራጭ አንድ፦ ግዙፉ መርከብ

ከዚህ ዓይነት ትልልቆቹ አንዱ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ ወደ 365 ሜትር ነው፤ 20 ፎቅ አለው፤ ሞልቶ ሲሄድ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ይይዛል። ይህ ተንሳፋፊ ከተማ ነው። የውኃ ፓርክ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ ትርዒት፣ ለየዕድሜው የተከፋፈለ የልጆች ክለብ፣ ሁሉም አለው።

ጥቅሙ ዕድሜያቸው ለሚራራቅ ልጆች ይታያል። የ4 ዓመቷም የ14 ዓመቱም በአንድ ቀን ይደሰታሉ። ለጎረምሶች ለብቻቸው የተለየ ቦታ መኖሩ ወላጅ ከሚያስበው በላይ ዋጋ አለው፤ በሁለተኛው ቀን ጓደኛ ካገኙ እስከ መጨረሻው አይሰለቹም።

ጉዳቱ ሰው ነው። ቁርስ ላይ ወረፋ፣ ሊፍት ላይ ወረፋ፣ ከመርከብ ሲወረድ ወረፋ። ጩኸት የሚያስጨንቀው ልጅ እዚህ ይቸገራል። ትልቅነቱም ከአንዳንድ ቦታ ያግደዋል። ቬኒስ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦችን በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት አታሳልፍም። ግዙፎቹ መርከቦች «ቬኒስ» ብለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ በሌላ ወደብ በኩል ነው።

ገንዳ ላይ ዋና ጠባቂ መኖሩን ጠይቁ። አንዳንድ ድርጅቶች ያስቀምጣሉ፤ ሁሉም ግን አያስቀምጡም። ጠባቂ ቢኖርም ትንሽ ልጅ ከእጅ አይራቅ።

አማራጭ ሁለት፦ መካከለኛው መርከብ

እዚህ የማስበው ከ2,000 እስከ 3,000 ሰው የሚይዙትን ነው። ብዙዎቹ ትንሽ ቆየት ያሉ ናቸው፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የልጆች ክለብ አላቸው፤ ገንዳ አላቸው፤ መንሸራተቻም ሊኖራቸው ይችላል። ልጆች በሁለት ቀን ውስጥ መንገዱን ይለምዱታል። አያት አብራችሁ ካለች፣ ከክፍል ወደ ምግብ ቤት የሚወስደው መንገድ አጭር መሆኑ ያስመሰግናችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ እኔን ብትጠይቁኝ ይህን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ፦ የልጆቹ ክለብ በዚያ የተወሰነ ጉዞ ላይ ክፍት መሆኑን። ትምህርት ቤት ባልተዘጋበት ወቅት ልጆች በጣም ጥቂት ስለሚሆኑ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ዋጋው ግን ያኔ ይወርዳል። ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ላላቸው ይህ ጥሩ ዕድል ነው።

አማራጭ ሦስት፦ የወንዝ መርከብ

ራይንና ዳኑብ ላይ የሚሄዱት መርከቦች ጠባብ ናቸው፤ መርከብን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ የወንዝ የውኃ በሮች ውስጥ ማለፍ ስላለባቸው የአብዛኞቹ ወርድ 11.4 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ከ200 ሰው በታች ይይዛሉ። መናወጥ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ከተማው መሐል ይቆማሉ፤ ወርዶ ዳቦ ቤት መሄድ ይቻላል።

ለልጅ ግን አስቸጋሪ ነው። የልጆች ክለብ ብዙ ጊዜ የለም። ገንዳ ካለም ትንሽ ነው። አንዳንዶቹ ጭራሽ ልጅ አይቀበሉም፤ ቫይኪንግ የተባለው ድርጅት ለምሳሌ ከ18 ዓመት በታች አያሳፍርም። ለቤተሰብ ተብለው የሚዘጋጁ የተለዩ የጉዞ ቀኖች አሉ፤ ከሄዳችሁ እነሱን ፈልጉ። ሌላው የውኃው መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2022 ራይን በጣም ጎድሎ ነበር። እንዲህ ሲሆን የጉዞው ክፍል በአውቶቡስ ይተካል።

አማራጭ አራት፦ ትንሽ የአሰሳ መርከብ

ይህ እንስሳና ተፈጥሮ ለሚወዱ ነው። የኢኳዶር ደሴቶች በሆኑት ጋላፓጎስ ውስጥ አንድ መርከብ ከ100 በላይ ጎብኚ መያዝ አይችልም፤ ለ16 ሰው አንድ ባለሙያ አስጎብኚ ይመደባል። ልጅ ከባሕር አንበሳ ጎን ይዋኛል፤ የሚጠይቀውን የሚመልስለት ሰውም አጠገቡ ነው። አንታርክቲካ ላይ በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አይወርድም፤ ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ደግሞ ሰው ማውረድ ክልክል ነው።

ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። ብዙዎቹ ዝቅተኛ የዕድሜ ገደብ አላቸው። ከ8 ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤተሰብ አልመክረውም፤ ብሩንም ልጁንም ጥቂት ዓመት ማቆየት ይሻላል።

በአጭሩ ሲታይ

| መስፈርት | ግዙፍ | መካከለኛ | የወንዝ | የአሰሳ |
|---|---|---|---|---|
| የተሳፋሪ ብዛት | እስከ 7,600 | 2,000–3,000 | ከ200 በታች | ብዙ ጊዜ 100 ገደማ |
| ተስማሚ ዕድሜ | ከ3 እስከ 17 | ከሕፃን እስከ 12፣ አያቶችም | ከ10 በላይ | ከ8 በላይ |
| የልጆች ክለብ | ሰፊ፣ በዕድሜ የተከፈለ | አለ፣ አነስ ያለ | ብዙ ጊዜ የለም | የለም ወይም በአስጎብኚ |
| መናወጥ | አነስተኛ | መጠነኛ | የለም ማለት ይቻላል | ሊበረታ ይችላል |
| ወረፋና ግርግር | ብዙ | መካከለኛ | የለም | የለም |
| ወጪ | መካከለኛ፣ ተጨማሪው ይበዛል | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ |

ክፍሉ፦ የውስጥ፣ መስኮት ያለው ወይስ በረንዳ?

መርከቡን ከመረጣችሁ በኋላ ብሩን የሚወስነው ይህ ነው። የውስጥ ክፍል መስኮት የለውም፤ ስፋቱም ብዙ ጊዜ 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አራት ሰው ሲገባ ሁለቱ ልጆች የሚተኙት ከጣሪያ በሚወርድ አልጋ ወይም ተዘርግቶ አልጋ በሚሆን ሶፋ ላይ ነው። ሻንጣዎቹ አልጋ ሥር ይገባሉ። ጨለማው ቀን ለሚተኛ ሕፃን ጥሩ ነው። ችግሩ ማታ ነው። ልጁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲተኛ ወላጆች መብራት አጥፍተው፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው አብረው ይተኛሉ።

በረንዳ ይህን ይፈታል። ልጁን አስተኝታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ውጭ ተቀምጣችሁ ታወራላችሁ። ለእኔ የበረንዳ ዋና ጥቅም ይህ ነው፤ ባሕሩን ማየት ከዚያ በኋላ ይመጣል። መወጣጫ የሚወድ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ካለ ግን አስቡበት። የበረንዳው በር ሁልጊዜ ይቆለፍ። ወንበሮቹ ከአጥሩ ይራቁ። ልጅ እዚያ ለአፍታም ብቻውን አይሁን።

ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድ አለ፦ የውስጥ በር የሚያገናኛቸው ሁለት ርካሽ ክፍሎች። ሁለት መታጠቢያ ቤት ይኖራችኋል፤ ልጆቹ በአንዱ ሲተኙ እናንተ በሌላው መብራት ታበራላችሁ። ዋጋው አንዳንድ ጊዜ ከአንድ የአራት ሰው በረንዳ ክፍል ጋር ይቀራረባል። ሁለቱንም አስልታችሁ እዩ።

ባለ ሦስትና ባለ አራት ሰው ክፍሎች ቶሎ ያልቃሉ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ በተጨማሪም በየአካባቢው የተመደቡት የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚይዙት ሰው ከሞላ፣ ክፍሉ አልጋ ቢኖረውም አራተኛ ሰው አይጨመርበትም። ስለዚህ ቤተሰብ «በመጨረሻው ሰዓት ይረክሳል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣውም።

የት ይሻላል? ለስንት ቀን?

ካሪቢያን ለትንንሽ ልጆች ቀላሉ ነው። ውኃው ሞቃት ነው፤ አንዳንድ ድርጅቶችም የራሳቸው ደሴት አላቸው፤ ከመርከብ ወርዶ በእግር አሸዋ ላይ መድረስ ይቻላል። የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ነው። ያኔ ዋጋው ይወርዳል፤ መርከቡ ግን አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። አንዲትን ደሴት ለማየት ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያንን ወቅት ተዉት።

አላስካ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። መዋኛ አይሆንም፤ ግን ዓሣ ነባሪና የበረዶ ግግር ላየ የ9 ዓመት ልጅ ሌላ ነገር ምንም አይደለም። በደሴቶቹ መሐል የሚያልፈው መንገድም የተረጋጋ ነው። የአላስካ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ግሌሸር ቤይ በቀን ሁለት ክሩዝ መርከብ ብቻ ስለሚያስገባ፣ ጉዞአችሁ እዚያ መግባቱን አረጋግጡ። ሜዲትራኒያን የወደብ ጉዞ ነው፤ ከፍ ላሉ ልጆች ይሁን።

ስለ ቀኑ፦ የሦስት ሌሊት ጉዞ ለመሞከር ብቻ ነው። ልጅ ቦታውን ለምዶ፣ ጓደኛ ይዞ፣ ገና ሲጀምር ሻንጣ ይታሰራል። ከ4 ዓመት በታች ልጅ ካለ አራት ወይም አምስት ሌሊት ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆኑት ሰባት ሌሊት ምርጥ ነው።

እንደ ቤተሰባችሁ

ሕፃን ያላቸው፦ መካከለኛ መርከብ፣ የሕፃናት ማቆያ ያለው፣ አምስት ሌሊት፣ ብዙ የባሕር ቀን። መታጠቢያ ገንዳ ያለው ክፍል ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ሻወር ብቻ ናቸው።

ብሩ ውስን ከሆነ፦ መካከለኛ መርከብ፣ የውስጥ ክፍል፣ ትምህርት ቤት ያልተዘጋበት ሳምንት። ጉብኝት በየወደቡ አትግዙ። አንድ ጥሩ ምረጡ፤ በቀሩት ቀናት ወደብ አካባቢ በእግር ዙሩ። ሁሉም ሰው ሲወርድ መርከቡ ላይ የቀረ ቤተሰብ ገንዳውንና መንሸራተቻውን ያለ ወረፋ ያገኘዋል።

ጎረምሳ ያላቸው፦ ግዙፉ መርከብ። ዋይፋዩን በጀት ውስጥ አስገቡት።

ሦስት ትውልድ አብሮ ሲጓዝ፦ መካከለኛ መርከብ፣ መሐል ላይ ያሉ ተቀራራቢ ክፍሎች፣ በትንሽ ጀልባ ሳይሆን በቀጥታ ወደብ ላይ የሚቆምባቸው ከተሞች። ከትልቅ መርከብ ወደ ትንሽ ጀልባ መሸጋገር ለጉልበት ሕመምተኛም ለልጅ ጋሪም አይመችም።

ከተመረጠ በኋላ

መርከቡ ከሚነሣበት ቀን በፊት ባለው ቀን ከተማው ግቡ። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ቀን ሻንጣችሁ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ የመዋኛ ልብስ፣ ዳይፐር፣ መድኃኒትና ፓስፖርት በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። የእራት ሰዓት ምርጫ ካለ ትንሽ ልጅ ያለው የመጀመሪያውን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ያለውን ይያዝ። ስልኮችን ገና ከወደብ ሳትወጡ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ የመርከቡ የስልክ ኔትወርክ በጣም ያስከፍላል። እጅ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፤ መርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ አልኮል ያለው ጄል በደንብ አይገድለውም።

ወረቀቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ። ብዙ ጊዜ ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይፈለጋል። መርከቡ ከአንድ አገር ወጥቶ ሌላ አገር ነክቶ ከተመለሰ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ላይበቃ ይችላል። ከወላጅ አንዱ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ከሌላው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ከባሕር ላይ ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝን ወጪ መሸፈኑን አንብቡ።

ቅድሚያ ክፍያውን ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ወኪሉን እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ለአራታችን ሁሉም ነገር ተደምሮ ስንት ነው? ብንሰርዝ እስከ መቼ ይመለስልናል? ክፍላችን በላይም በታችም ምን አለበት፣ ዲስኮ ወይስ ሌላ ክፍል? ትንሹ ልጃችን መርከቡ በሚነሣበት ቀን ባለው ዕድሜው የትኛው ክለብ፣ የትኛው ገንዳ ይፈቀድለታል?